አስቸኳይ፦ የጀልባዬ ሞተር እየጋለ ነው፤ የውሃ ማጣሪያውን አውጥቼ ልሂድ?

ጀልበኛው፦ ወገኖቼ ቶሎ መልሱልኝ። ዘጌ ቆሜያለሁ። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የተሳለሙ 12 ሰዎች ሳይመሽ ባሕር ዳር መግባት አለባቸው። ተነሥቼ 10 ደቂቃ ሳልሄድ የሙቀቱ ቀስት ቀዩ ላይ ይደርሳል። ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ከሐይቁ የሚሳበው ውሃ የሚያልፍበትን ማጣሪያ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ እምቦጭ ነው የሚሞላው። ወንፊቱን አውጥቼ ባዶውን ብሄድ ምን ይሆናል?

ማዶ ለማዶ፦ የናፍጣ ፊልትሮ ቀይር።

ጀልበኛው፦ ናፍጣው ደህና ነው፤ ጋለ ነው ያልኩት።

ሞተሪስት፦ ወንድሜ፣ ወንፊቱን እንዳታወጣ! በፓምፑ ውስጥ የምትሽከረከረዋ ጎማ ክንፎቿ ላስቲክ ናቸው። የእምቦጭ ሥር ሲጠመጠምባት ይቆረጣሉ፤ የተቆረጠው ክንፍ ደግሞ ሄዶ የማቀዝቀዣው ቱቦ አፍ ላይ ይሰነቀራል። ባለፈው ክረምት አንድ ጀልባ ላይ ከስድስቱ ክንፍ ሁለቱ ጎድለው አገኘሁ። ሁለቱንም ለቅሜ እስካወጣ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሞተሩን ያቀዘቀዘው ውሃ ከጭስ ማውጫው ይወጣል?

ባቦጋያ፦ ሰላም፣ እኔ መርከብ ላይ ነው የምሠራው። በትልልቅ መርከቦች ማጣሪያው መንታ ነው፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይሠራል፣ ሞተር አይቆምም። ውሃ መሳቢያውም ሁለት ነው፦ ጥልቅ ባሕር ላይ የታችኛው፣ ጥልቀቱ ባነሰበት ወደብ ጭቃ እንዳይስብ የላይኛው። ጣና በጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ዳርቻው ላይ ፕሮፔለሩ ራሱ ጭቃውን ያስነሣዋል። ለሚዛን የሚጫነው ውሃም ሳይጸዳ እንዳይደፋ የሚያስገድድ ዓለም አቀፍ ስምምነት ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጸንቷል፤ ምክንያቱም ባዕድ ፍጥረት ከባሕር ወደ ባሕር የሚጓዘው...

ሞተሪስት፦ ወንድማችን፣ ሰውየው ተሳፋሪ ይዞ ቆሟል!

የደቅ ልጅ፦ አባቴ በደንገል ታንኳ የዘጌን ቡና ሲያመላልስ ቀስትም ፊልትሮም አያውቅም ነበር 😀 ለማንኛውም ክዳኑን ከመክፈትህ በፊት የታችኛውን ቫልቭ ዝጋ። ማጣሪያው ከውሃው ልክ በታች ከሆነ ሐይቁ ጀልባህ ውስጥ ይገባል።

ጀልበኛው፦ ዘግቼ ነው የምከፍተው። ከጭስ ማውጫው ውሃ ይወጣል፣ ግን እየተቆራረጠ ነው።

ሰላም ከቀበሌው፦ ወንድሜ፣ አጥበኸዋል አይደል? ታዲያ ንጹሕ ማጣሪያ ሞተር እንዴት ያግላል? እምቦጭ ከታየበት ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ጀልባ ላይ የሚደርሰውን ጥፋት ሁሉ እሱ ላይ መጣል ለምደናል። ሌላ ነገር ፈልግ።

ማዶ ለማዶ፦ ፊልትሮውን ቀይረው፣ ግድ የለህም።

ሞተሪስት፦ እየተቆራረጠ ካልክ አየር እየሳበ ነው። ማጣሪያው ክዳን ላይ ያለችው ቀለበት ላስቲክ በመከፈት ብዛት ትደርቃለች ወይ ትሰነጠቃለች። ያኔ ፓምፑ ውሃ ከመሳብ ይልቅ በዚያች ስንጥቅ አየር መሳብ ይቀለዋል። ክዳኑ የሚያሳይ ከሆነ ሞተሩን አስነሥተህ ተመልከት፤ አረፋ ካየህ እሷ ናት። ለዛሬ ላስቲኳን ጠርገህ ግራሶ ቀባት፣ ክዳኑን እኩል አጥብቀው፣ ዝግ ብለህ ና። የቱቦዎቹን ማሰሪያ ፋሼታዎችም ላልተው እንደሆነ በእጅህ ነካካቸው። ቀስቱ 90 ሲነካ ግን አጥፋ። እዚህ ከፍታ ላይ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ነን፣ ግፊት ካልያዘው ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ 100 ድረስ አትጠብቅ።

ጀልበኛው፦ አረፋ አለ! እንደ ጠላ ነው የሚፈላው። ላስቲኳም በአንድ በኩል ተሰንጥቃለች። ግራሶ ከሌላ ጀልባ ለምኛለሁ፣ ልሞክር።

ሞተሪስት፦ ስንጥቁን ወደ ላይ አድርገህ አትግጠማት፣ ገልብጣት። ስትደርስ ጻፍልን።

የደቅ ልጅ፦ ሰዎቹ ገቡ?

ሞተሪስት፦ ጀልበኛው፣ ምን ደረሰ? ነግቷል እኮ።

ጎርጎሬ፦ የኔም ልክ እንደዚሁ ነው የሚያደርገው፣ ውሃው ይቆራረጣል። ያቺ ቀለበት ላስቲክ ባሕር ዳር የት ትገኛለች? ስፋቷ የእጅ መዳፍ ያክላል።