ተዳፋት መሬት ላይ ለልጆች መዋኛ ገንዳ መደብ፦ አሸዋው እንዳይታጠብ ምን ይሻላል?

ገንዳው በአየር የሚነፋ ክብ ነው፤ ስፋቱ 3 ሜትር፣ ውሃው 60 ሳንቲ ሜትር። ከ4 ቶን በላይ ስለሚመዝን እንዲሁ ተዳፋቱ ላይ ከተዘረጋ ቁልቁል በኩል ያለው ግድግዳ አብጦ ይደረመሳል።

በሲባጎና በቱቦ ውሃ ልክ ስለካው፣ ለመደቡ ባሰብኩት 3.6 ሜትር ላይ 22 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ታችኛውን ጎን በአፈር መሙላት አልፈልግም፤ ልቅ አፈር የቱንም ያህል ቢረገጥ ውሃው ሲጫነው ይሰጥማል። ስለዚህ ሽቅቡን ቆርጬ፣ ሣሩን ከነሥሩ ነቅዬ፣ ጠጠሩን ለቅሜ እጠቀጥቃለሁ። ከላይ 3 ሳንቲ ሜትር የተነፋ አሸዋ (ሲሶ ሜትር ኩብ ገደማ)፣ ከዚያ ወፍራም ሸራ።

የቸገረኝ ዝናቡ ነው። ጎርፉ ከተቆረጠው ጠርዝ ወርዶ ከሸራው ሥር ከገባ አሸዋውን ጠርጎት ይሄዳል፤ ገንዳው አንዴ ከተሞላ ደግሞ ማስተካከል አይቻልም። ከጠርዙ በላይ ጠጠር የተሞላ ቦይ ቆፍሬ ውሃውን ወደ ጎን ባስወጣው ይበቃል? ከጠርዙስ ምን ያህል ይራቅ? በታች በኩል አሸዋውን ምን ይያዘው? ብሎኬት እንዳልደረድር ሹል ጠርዙ ፕላስቲኩን ይቀደዋል ብዬ ፈራሁ። አሸዋው ላይ ጥቂት ደረቅ ሲሚንቶ መቀላቀልስ ያዋጣል ወይስ ወለሉን ለልጆች እግር ያሻክረዋል?