ከቴክሳስ ምክር ቤት ተወካያችን ስለ ትምህርት ቤት ደኅንነትና ስለ ጎርፉ የተላከውን ደብዳቤ የሚያብራራልኝ አለ?

ጥያቄ፦ ተወካያችን በላኩልን ደብዳቤ ላይ በየትምህርት ቤቱ የታጠቀ ጥበቃ መኖር እንዳለበት ይገልጻሉ፤ ይህ በእርግጥ ግዴታ ነው? ከዚህም በላይ የሚያስጨንቀኝ የእህቴ ጉዳይ ነው። ቤቷ ጁላይ 2025 በጎርፉ ተጎድቶ፣ የግድግዳው ውኃ ልክ እስካሁን ከወገቧ በላይ ይታያል፤ የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻዋ ግን ውድቅ ሆነባት።

መልስ 1፦ አዎ፣ ግዴታ ነው። በ2022 በቴክሳስ ዩቫልዲ ከተማ ባለ ትምህርት ቤት 19 ሕፃናትና 2 መምህራን በተኩስ ከተገደሉ በኋላ፣ በ2023 የወጣው ሕግ በየትምህርት ቤቱ የታጠቀ ጥበቃ እንዲመደብ ያዛል። ሆኖም ገንዘብ ወይም ሰው ያጣ የትምህርት አስተዳደር ምክንያቱን ገልጾ ሌላ አማራጭ ሊያቀርብ ይችላል። በዚያው ዓመት የተመደበው በትምህርት ቤት 15,000 ዶላርና በተማሪ 10 ዶላር ብቻ ነበር፤ ለአንድ ሙሉ ደመወዝ እንኳ የማይበቃ በመሆኑ ሕጉ ሸክሙን በትምህርት አስተዳደሮቹ ላይ ጥሎታል ብዬ አምናለሁ።

መልስ 2፦ በእምቢታው ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው የእምቢታ ደብዳቤ የሚመጣው አንድ ሰነድ ስለጎደለ ነው፤ በተለይ የኢንሹራንስ ውሳኔ ወይም የቤት ባለቤትነት ማስረጃ። በደብዳቤው ላይ ካለው ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል። የውኃውን ልክ ግድግዳው ከመቀባቱ በፊት ፎቶ አንሥታ ከጥገና ደረሰኞች ጋር ታያይዘው። ቀኑ ካለፈ ደግሞ የዘገየችበትን ምክንያት በጽሑፍ ታስረዳ፣ የተወካዩን ቢሮም እርዳታ ትጠይቅ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኢንሹራንሱ የሰጣትን ደብዳቤ አላያያዘችም ነበር፤ ዛሬ ማታ አብረን እንፈልገዋለን።