ሦስት ሳምንት ቀረው፤ ታሪኩን እንጨርስ ወይስ ፈተናውን እንለማመድ?

መምህሩ፣ ሜሪላንድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክርም ክርክርም ፈልጌ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ሃይስኩል የአውሮፓ ታሪክ አስተምራለሁ። ኤፒ የሚባለውን ማለቴ ነው። ልጆቹ ገና ሃይስኩል እያሉ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ይወስዱና ሜይ ላይ የኮሌጅ ቦርድን ፈተና ይቀመጣሉ። ትምህርቱ ዘጠኝ ምዕራፍ ነው፤ ከ1450 ይነሳና እስከኛ ዘመን ይመጣል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ለፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እኛ ግን ገና 1914 ደጃፍ ላይ ነን፣ አንደኛውን የዓለም ጦርነት የለኮሰው የሳራዬቮ ጥይት አልተተኮሰም። ጥፋቱ የኔ ነው። የፕሮቴስታንትን እንቅስቃሴ የጀመረው ሉተርና የፈረንሳይ አብዮት ላይ ብዙ ቆየሁ።

አሁን ሁለት መንገድ አለኝ። አንዱ መሮጥ ነው፤ ሁለቱን የዓለም ጦርነቶች፣ የሩሲያን አብዮት፣ ሆሎኮስትን፣ ቀዝቃዛውን ጦርነት፣ የበርሊን ግንብ መፍረስን በቀን አንድ በቀን አንድ እያደረጉ መጨረስ። ሌላው ዋና ዋናውን ብቻ ነካ ነካ አድርጎ የቀረውን ጊዜ ለድርሰት ልምምድ መስጠት። ተማሪዎቼ ለሁለት ተከፍለዋል፣ ወላጆችም እንደዚያው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
መምህር፣ አክብሬዎት ነው የምናገረው። ፈተናውን ያለማምዷቸው። በቃ።

ምክንያቴን ልንገርዎት። ትልቋ ልጄ ይህንኑ ትምህርት ወስዳ ነበር። አስተማሪዋ ታሪክ ሲያወራ ጊዜው እንዴት እንደሚሄድ አይታወቅም ነበር፣ ልጅቷ ቤት መጥታ እራት ላይ ስለ ናፖሊዮን ታወራልን ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። ፈተናው ላይ ግን ድርሰቱ በምን በምን ነጥብ እንደሚታረም የነገራት ሰው አልነበረም፤ ሰባት ሰነድ ሰጧት፣ አንብባ ሳትጨርስ ሰዓቱ ሄደ። 2 አመጣች። ከ5 ማለት ነው። 3 ብታመጣ ብዙ ኮሌጅ ክሬዲት ይሰጣት ነበር፣ ጠንከር ያሉት ደግሞ 4 ወይም 5 ይጠይቃሉ። አንድ ኮርስ ለኛ ስንት የሌሊት ፈረቃ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። ልጅቷ ሰነፍ አልነበረችም። የጨዋታውን ሕግ ሳይነግሩ ሜዳ ማስገባት ግፍ ነው።

የፒኤችዲ ተማሪና ረዳት አስተማሪ፣ ኦሃዮ፦
እህቴ፣ የልጅሽ ነገር በእውነት ያሳዝናል። ሕጉን መንገር ግድ ነው፣ እሱ ላይ አልከራከርሽም። ግን ልምምድ ብቻ ሲሆን ምን እንደሚወጣ እኔ በየሴሚስተሩ አያለሁ።

አንደኛ ዓመት ተማሪዎች ድርሰት አርማለሁ። ብዙዎቹ ከኤፒ የመጡ ናቸው። «የጸሐፊው ዓላማ አንባቢውን ማሳመን ነው» ብለው ይጽፋሉ። የትኛውንም ጸሐፊ ስጧቸው፣ ይቺው ዓረፍተ ነገር ናት። አንዴ የኤምስን ቴሌግራም ሰጠኋቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። በጁላይ 1870 የፕሩሲያው ንጉሥ ቀዳማዊ ቪልሄልም ከፈረንሳይ አምባሳደር ጋር ስለ ስፔን ዙፋን ያደረገውን ንግግር ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለቢስማርክ በቴሌግራም አስላከለት፤ ቢስማርክ ቃላት ቆርጦ፣ ሁለቱም ወገን የተሰደበ እስኪመስለው አሳጥሮ ለጋዜጣ ሰጠው። በስድስተኛው ቀን ፈረንሳይ ጦርነት አወጀች። ይህን የማያውቅ ልጅ ያንን ወረቀት አንብቦ ምን ይላል? «ዓላማው ማሳመን ነው» ይላል። ነጥብ ሊያገኝ ይችላል፣ ግን ምንም አልገባውም።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሆሎኮስትን በአንድ ክፍለ ጊዜ ማለፍ ምን ማለት ነው? እኔ ይህን የሚያደርግ አስተማሪ መሆን አልፈልግም፣ አንተም መሆን ያለብህ አይመስለኝም።

የታሪክ መምህር፣ አዲስ አበባ፦
ከሩቅም ቢሆን ልግባ። እናንተ ስለ ድርሰት ትከራከራላችሁ፣ እኔ ያንን እንኳ ባገኘሁት እላለሁ። የኛ 12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሁሉም ምርጫ ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ታሪክን በዚያ ይፈተናል። ስለዚህ ተማሪው ቪየና ጉባኤ 1815 ብሎ ይሸመድዳል። ለምን ተሰበሰቡ፣ ማን ምን አተረፈ፣ ማን ተከፋ፣ የሚጠይቀው የለም። በ2022 ዩኒቨርሲቲ ገብተው ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያኔ ሁሉም ስለ ኩረጃ አወራ፣ ስለ ጥያቄው ዓይነት ያወራ ጥቂት ነው።

እና እህታችን ያለችውን ልደግፍ። ሰነድ ሰጥቶ «ተከራከር» የሚል ፈተና ካለ፣ እሱን ማለማመድ ከታሪክ መሸሽ አይደለም። የታሪክ ሥራ ራሱ ያ ነው። ወንድማችን ያየው ችግር የልምምድ ሳይሆን የመጥፎ ልምምድ ችግር ነው።

አባት፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፦
እኔ ከሁላችሁም የተለየ ጥያቄ አለኝ። ለመሆኑ የሐበሻ ልጅ ይህን ትምህርት ለምን ይወስዳል? ስለ ሉዊ 14ኛ ቤተ መንግሥት ሦስት ሳምንት፣ ስለ አክሱም ዜሮ። ልጄ የቬርሳይን አዳራሽ መስኮት ይቆጥርልኛል፣ ላሊበላን ግን ከኔ ነው የሰማው። የዓለም ታሪክ የሚለውን ይውሰዱ።

የፒኤችዲ ተማሪና ረዳት አስተማሪ፣ ኦሃዮ፦
ጋሼ፣ የዓለም ታሪክ ኤፒውም ቢሆን ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። በ2018 ኮሌጅ ቦርድ «ትምህርቱ በጣም ሰፍቷል፣ ከ1450 ይጀምር» አለ። አስተማሪዎችና ተማሪዎች ተቃወሙ። ከ1450 ከጀመረ የአፍሪካ፣ የእስያና የአሜሪካ ሕዝቦች ወደ ታሪክ የሚገቡት አውሮፓውያን መርከብ ይዘው ሲመጡ ነው ማለት ነው ብለው ጮኹ። በመጨረሻ 1200 ላይ ተስማሙ። አክሱም ያኔም ውጭ ቀረ፣ ላሊበላ ግን ደፍ ላይ ደረሰ። ይህን የማነሳው ለምን መሰለዎት፣ ምን ታሪክ እንደሆነና ምን እንዳልሆነ የሚወስነው ፈተናው ከሆነ ቆይቷል። ለዚህ ነው ሁሉንም ለፈተና አሳልፈን መስጠት የሚያስፈራኝ።

ተማሪ፣ 10ኛ ክፍል፦
ሰላም፣ እኔ የመምህሩ ተማሪ ነኝ። አማርኛዬ ላይ ስህተት ካለ ይቅርታ፣ እናቴ እያየችልኝ ነው የምጽፈው።

ጋሼ ላሉት መልስ አለኝ። እኔ ስለ ራሳችን ብዙ የተማርኩት እዚህ ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሰነድ ስንለማመድ፣ መምህር ከሰነዶቹ ውጭ የራሳችሁን አንድ ማስረጃ አምጡ አሉን። ይህ ራሱን የቻለ አንድ ነጥብ አለው። እኔ ዓድዋ ብዬ ጻፍኩ። መምህር ነጥቡን አልሰጡኝም። «ዓድዋ ብለሽ ስም ጠራሽ፣ ምን እንደሚያስረዳ ግን አልነገርሽኝም» አሉኝ። በጣም ተናደድኩ።

ቤት ሄጄ አነበብኩ። በ1889 የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለመላላክ በጣሊያን መጠቀም ይቻላቸዋል ይላል፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ነው። ጣሊያን ያንን ይዛ፣ አውሮፓውያን አፍሪካን ስለ መቀራመት በተስማሙበት በበርሊን ጉባኤ ሕግ አንቀጽ 34 መሠረት ለሌሎቹ መንግሥታት «ኢትዮጵያ በኔ ጥበቃ ሥር ናት» ብላ አስታወቀች። በርሊን 1884 እና 1885 ላይ ያወጡት ሕግ ለምን እንደጠቀማቸው ያኔ ገባኝ። ወረቀት ልከህ አሳወቅህ ማለት ይገባኛል ማለት ነው። ከዓድዋ ሽንፈት በኋላ ደግሞ ሮም ውስጥ የክሪስፒ መንግሥት ወደቀ። ስለዚህ ዓድዋ የአውሮፓ ታሪክም ነው። ደግሜ ጻፍኩት፣ ነጥቡን አገኘሁ።

ስለዚህ እኔ ልምምዱን እመርጣለሁ። ልምምዱ ባይኖር አላነብም ነበር። የክፍል ጓደኞቼ ግን ዩኒት ዘጠኝን ካልተማርን ምርጫ ጥያቄው ላይ እንወድቃለን ብለው ፈርተዋል። እነሱም እውነት አላቸው።

አባት፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፦
ልጄ፣ እግዚአብሔር ያሳድግሽ። የውጫሌውን አንቀጽ አውቀው ነበር፣ የበርሊኑን አንቀጽ 34 ግን አሁን ካንቺ ነው የሰማሁት። ሉዊ ላይ ያልኩትን አልቀይርም፣ ግን ለልጄ ይህን አነብለታለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ተባረኪ ልጄ። አያችሁ፣ ያረመላት ሰው ስላለ ነው። መምህር፣ እስቲ ነጥቡ እንዴት እንደሚከፋፈል እዚህ ይጻፉልን፣ ብዙ ወላጅ አያውቀውም።

መምህሩ፣ ሜሪላንድ፦
እጽፋለሁ። ፈተናው ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው፣ አሁን በኮምፒውተር ነው የሚሠራው። 55 ምርጫ ጥያቄ በ55 ደቂቃ፣ ከጠቅላላው 40 በመቶ ይይዛል። ሦስት አጭር መልስ በ40 ደቂቃ፣ 20 በመቶ። የሰነዱ ድርሰት ሰባት ሰነድ ኖሮት አንድ ሰዓት ይሰጠዋል፣ ከዚያ ውስጥ 15 ደቂቃው እንዲያነቡ የታሰበ ነው፣ 25 በመቶ። ያለ ሰነድ የሚጻፈው ድርሰት 40 ደቂቃ፣ 15 በመቶ።

የሰነዱ ድርሰት የሚታረመው ከሰባት ነጥብ ነው። አንድ ለመከራከሪያ ሐሳብ፣ አንድ ለዘመኑ ሁኔታ፣ ሁለት ከሰነዶቹ ለሚወጣ ማስረጃ፣ አንድ ደግሞ ተማሪዬ ለነገረቻችሁ የውጭ ማስረጃ። የቀሩት ሁለቱ ናቸው ከባዶቹ። አንደኛው ቢያንስ ለሁለት ሰነድ ማን ጻፈው፣ ለማን፣ ለምን፣ ይህስ ክርክሩን እንዴት ይነካዋል የሚለው ነው። ሌላው ነገሩን ከአንድ ወገን በላይ ማየት። የተማሪዬ ጓደኞችም አልተሳሳቱም። ዘጠኙም ምዕራፎች ምርጫው ላይ እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ድርሻ አላቸው። ያለ ሰነዱ ድርሰት ከሦስት ዘመን አንዱን ያስመርጣል፣ ስለዚህ የኋለኛውን ያልተማረ ልጅ ሌላውን መርጦ ሊያመልጥ ይችላል። የሰነዱ ግን አያስመርጥም፣ ከ1600 እስከ 2001 ካለው ከየትም ሊመጣ ይችላል።

ለወንድሜ ለኦሃዮው አንድ ነገር ልመልስ። «ዓላማው ማሳመን ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር እኔም እጠላታለሁ። እንድትጠፋ ያደረገልኝ ሉተር ላይ የቆየሁበት ጊዜ ነው። በ1525 የጀርመን ገበሬዎች ሜሚንገን ላይ 12 አንቀጽ ጻፉ። ቄሳችንን እኛ እንምረጥ፣ ክርስቶስ በደሙ ሁላችንንም ስለዋጀን ባሪያ አንሁን አሉ። ቃሉን ያገኙት ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፣ ድፍረቱን ግን ከሉተር ነው። ሉተር መጀመሪያ መሳፍንቱን ወቀሰ፣ አመፁ ሲባባስ ግን ገበሬዎቹን ያለ ምሕረት ምቷቸው ብሎ ጻፈ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ሰጠኋቸው። አንድ ከኋላ የሚቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ያልተናገረ ልጅ እጁን አወጣና «ሉተርን ማን ነው የሚጠብቀው?» አለ። የሳክሶኒው መስፍን ነው አልኩት። ክፍሉ ዝም አለ። ያንን ጥያቄ ከነጥብ አሰጣጥ ሰንጠረዥ አላገኘውም፣ ግን ሰንጠረዡ የሚፈልገው በትክክል ያንን ነው። ሦስት ቀን ወሰደብን። ዛሬ 1914 ላይ የቆምነው በዚያ ምክንያት ነው፣ አልጸጸትበትም።

የፒኤችዲ ተማሪና ረዳት አስተማሪ፣ ኦሃዮ፦
ይህን ከሰማሁ እኔም ቃሌን ላስተካክል። እንዲህ የምታለማምድ ከሆነ ተቃውሞዬ ግማሹ ወደቀ። ግማሹ ግን ቆሟል። ያ ልጅ ጥያቄውን የጠየቀው ሦስት ቀን ስለሰጠኸው ነው። አሁን ሦስት ቀን የለህም።

የታሪክ መምህር፣ አዲስ አበባ፦
ለምን ሁለቱን አታጋባቸውም? ያልተማሩትን ዘመን በሰነድ አስተምራቸው። በ2020 በኮቪድ ጊዜ ፈተናው ወደ 45 ደቂቃ ሲያጥር ፈታኞቹ ምርጫውን ጥለው ያስቀሩት የሰነዱን ድርሰት ነበር። ለነሱም የትምህርቱ እምብርት እሱ ነው ማለት ነው።

መምህሩ፣ ሜሪላንድ፦
እኔም ወደዚያው እያዘነበልኩ ነው። እንዲህ ላደርግ ነው። ሁለት ሳምንቱን ከ1914 እስከ 1945 ላለው እሰጣለሁ፣ ግን እኔ ሳላወራ፣ ሰነድ በሰነድ። ለሆሎኮስት ሦስት ቀን፣ ከዚያ አላሳንስም፣ እዚያ ላይ ደግሞ ሰዓት ይዤ አላጽፋቸውም። ስለ መንግሥታቱ ማኅበር መውደቅ ሰባት ሰነድ አዘጋጃለሁ። ከነሱ አንዱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ላይ ያደረጉት ንግግር ነው። ከሱ አጠገብ ማኅበሩ በጣሊያን ላይ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን እንዳልነካ የሚያሳይ ነገር አስቀምጣለሁ። ማን ምን ፈልጎ ዝም እንዳለ ራሳቸው ይፈልጉት። ከ1945 በኋላ ያለውን በአጭር ንባብ ወደ ቤት እልካለሁ፣ በየጠዋቱ አሥር ምርጫ ጥያቄ እንሠራለን። ያ ክፍል እንደሚሳሳ አውቃለሁ። የሆነ ነገር መሳሳት አለበት፣ እኔ የመረጥኩት እሱን ነው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰዓት ይዘው ማጻፉን እንዳይረሱት ብቻ። ልጄን የጣላት ሰዓት ነው። ትንሹ ልጄ ሌላ ትምህርት ቤት ነው የሚማረው፣ ግን ይህንኑ ፈተና ይቀመጣል። ቅዳሜ ካስጠኑ ይምጣ?

መምህሩ፣ ሜሪላንድ፦
ይምጣ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ቤተ መጻሕፍቱ የስብሰባ ክፍል። አንድ ሰዓት ሰዓት ይዘን እናጽፋለን፣ ከዚያ እርስ በርስ ይታረማሉ። ላፕቶፕ ይዞ ይምጣ።

ተማሪ፣ 10ኛ ክፍል፦
የማንን ድርሰት ማን እንደሚያርም እኛ እንምረጥ?

መምህሩ፣ ሜሪላንድ፦
ዕጣ እናወጣለን። አንቺ ግን የዓድዋዋን ይዘሽ ነይ፣ የመጀመሪያውንም የሁለተኛውንም። ነጥብ የከለከልኩሽንና የሰጠሁሽን ጎን ለጎን ያዩታል።