የመድኃኒት ጉዳት ምዘናን በአማርኛ ለማሠልጠን የሚሆን ጽሑፍ ፍለጋ

በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ሆስፒታል የምሠራ ፋርማሲስት ስሆን፣ በዓባይ ሸለቆ ቆላ ባሉ 6 ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩ ባለሙያዎችን በመድኃኒት ደኅንነት ክትትል እንዳሠለጥን ተመድቤአለሁ። በእጄ ያሉት ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር የመድኃኒት ደኅንነትን የሚከታተለው፣ መቀመጫው ስዊድን የሆነው የኡፕሳላ ክትትል ማዕከል ያዘጋጃቸው ስላይዶችና ቪዲዮዎች ናቸው፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ። በቴሌግራም ብልካቸው ቪዲዮዎቹ በቆላው ኔትወርክ አልወርድ ስላሉ፣ በፍላሽ ገልብጬ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ሰደድኳቸው። ማድረሱስ ተሳካ፤ ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒቱንና የጉዳቱን ዝምድና፣ ማለትም ጉዳቱን ያመጣው መድኃኒቱ ስለመሆኑ ያለውን እርግጠኝነት፣ በ6 ደረጃዎች ይመድባል። ከእነዚህ መካከል «ፕሮባብል» እና «ፖሲብል» የሚባሉትን ሠልጣኞቼ ሁለቱንም «ሊሆን ይችላል» ብለው ተረጎሟቸው፤ እኔም ብሆን የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም፦ በመጀመሪያው ጉዳቱን በሽታው ወይም ሌላ መድኃኒት አመጣው ለማለት የሚያስችል ምክንያት እምብዛም የለም፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥም ሕመምተኛው ይሻለዋል፤ በሁለተኛው ግን እነዚያም ሊያመጡት ይችላሉ። ባለፈው ሳምንት የደረሰኝ ቢጫ ቅጽ (የመድኃኒት ጉዳት ሪፖርት የሚደረግበት ነው) «ኮትሪሞክሳዞል፣ ሽፍታ» ብቻ ይላል፤ መድኃኒቱ መቼ እንደተጀመረ፣ ሽፍታው መቼ እንደወጣ፣ ሲቋረጥ ስለመቀነሱም አንድም ቀን አልተጻፈበትም። የጎደለው ካልተሟላ፣ በዚህ መረጃ «መመዘን አይቻልም» ከማለት ሌላ ምንም ማለት አይቻልም።

ደረጃዎቹን በአማርኛ ለይቶ፣ በተሞሉ ቢጫ ቅጾች ምሳሌነት የሚያስረዳ፣ ታትሞ ሊባዛ የሚችል የሥልጠና ጽሑፍ ያለውና ሊያካፍለኝ የሚፈቅድ ባለሙያ ይኖር ይሆን?