የእናቴ እግር እብጠት፦ እውነት በዘር ነው?

የአባይ ማዶ
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ምሥራቅ ጎጃም ናት። እግሮቿ ከጣቷ ጀምረው ማበጥ ከጀመሩ አራት ዓመት ሆናቸው፤ ግራው ይብሳል። በየወሩ ያተኩሳትና እግሯ እንደ እሳት ይፋጃል፤ ሁለት ሦስት ቀን ትተኛለች። ሰፈርተኛው «ምች ነው» ይላል። አሁን ደግሞ «ዘራቸው ዝሆኔ አለበት» ተብሎ የእህቴ ጋብቻ ሊፈርስ ነው። ለፋሲካ ስሄድ ቤተ ክርስቲያን መሳም ትታለች። ምን ላድርግላት?

የሶዶዋ
አይዞህ ወንድሜ። የአባቴን እግር ሰባት ዓመት ያጠብኩት እኔ ነኝ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ይህን ለአማቾቹ ንገራቸው። ትንኝ የሚያመጣው ዝሆኔ ሌላ ነው፣ የቆላ ነው። የደጋው የሚመጣው ከቀዩ አፈር ነው። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ደቃቁ ብናኝ በቆዳ ይገባና ፈሳሽ ወደ ላይ የሚመልሰውን የሊምፍ ቧንቧ ያቆስለዋል። ቧንቧው ሲደፈን ፈሳሹ እዚያው ይጠራቀማል፤ ከጣት የሚጀምረው ለዚህ ነው። በአፈሩ ቶሎ የመጠቃት ነገር በቤተሰብ አለ፣ አልዋሽህም። ግን ያለ አፈሩ በሽታው አይመጣም። እህትህ ጫማዋን አታውልቅ።

አባቴ መጀመሪያ ቀን ሽታውን አፍሮ እግሩን ጋቢው ሥር ደበቀብኝ። ማታ ማታ በሳፋ ውኃ በሳሙና አጥባለሁ፣ በረኪና ጠብ ባለበት ውኃ እዘፈዝፋለሁ (ልኩን ጤና ኬላ ጠይቅ፣ ሲበዛ ቆዳ ይልጣል)። ከዚያ የጣቶቹን መሀል በጨርቅ ጫፍ አንድ በአንድ ማድረቅ። ዋናው እሱ ነው! እርጥብ ከቀረ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ጀርም ይገባል። ቫዝሊን ቀብቼ እግሩን ትራስ ላይ እሰቅለዋለሁ። በወራት ውስጥ ሽታው ጠፋ፣ እብጠቱም ቀነሰ።

ጤና ኤክስቴንሽን ነኝ
እህታችን ያለችው ልክ ነው። ያ ትኩሳት ምች ሳይሆን በስንጥቁ የገባው ጀርም የሚያስነሳው ነው። ሲነሳባት ትረፍ፣ እግሯን ከፍ ታድርግ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዳት። በምላጭ እንዳያስበጧት አደራ። ልብና ኩላሊትም እግር ስለሚያሳብጡ አንዴ ትመርመር።

የአባይ ማዶ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጫማ አልገባላት ብሎ ኮንጎ ነው የምታደርገው።

የሶዶዋ
ኮንጎ በቀዳዳው አፈር ያስገባል፣ ያልባል። ካርቶን ላይ አቁመሃት ዙሪያውን በእርሳስ ሣል፣ ሁለቱንም ለየብቻ። ወርዱን በክር ለካ። ማታ ለካው፣ ማታ ነው የሚያብጠው። ለጫማ ሰፊ ስጠው፤ ለአባቴ እንዲህ ነው ያሰፋሁለት።