«ካንሰር እንደ ስኳር በሽታ ሆኗል» ይባልልኝ!

ቀናው፦ ጠዋት ሬዲዮ ላይ አንድ ዶክተር «የተሰራጨ ካንሰር ዛሬ እንደ ስኳር በሽታ መድኃኒት እየወሰዱ አብረውት የሚኖሩት ሆኗል» አለ። ዘጋሁት። የቱ ካንሰር? የቆሽት ካንሰር ተሰራጭቶ የተገኘበት ሰው አምስት ዓመት የመኖር ዕድሉ አሜሪካ ውስጥ እንኳ 3 በመቶ አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ስኳር አላውቅም።

ሰብለ፦ አንተ ደግሞ ከሁሉ የከፋውን መርጠህ መጣህ። ሜላኖማን፣ ያን የቆዳ ካንሰር፣ ለምን አታነሳም? ከ2011 በፊት የተሰራጨ ሜላኖማ ያለበት ሰው ዓመት መድፈኑ ራሱ ያጠራጥር ነበር። ኢፒሊሙማብና ኒቮሉማብ የሚባሉት፣ የሰውነትን መከላከያ ካንሰሩ ላይ የሚያስነሱ መርፌዎች፣ አንድ ላይ ከተሰጣቸው የጥናት ተሳታፊዎች 43 በመቶው ከ10 ዓመት በኋላም በሕይወት ነበሩ። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ጂሚ ካርተርስ? በ2015 አንጎሉ ድረስ ደርሶ ተገኘበት፤ የሞተው በ2024፣ በ100 ዓመቱ!

ቀናው፦ ካርተር መጣ! ሳይጠራ አይቀርም። 43 ካሉ 57ቱ የሉም ማለት ነው። ስኳር እንዲህ ይጨርሳል?

ሰብለ፦ ከ57ቱ ውስጥ በሌላ ምክንያት የሞቱም አሉ። ስኳሩን ደግሞ ዶክተሩ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።

ማኪ፦ እኔን የሚያናድደኝ የአምስት ዓመቱ ቁጥር ነው። ድሮ ደረጃ ሦስት፣ ማለትም ሩቅ አካል ያልደረሰ፣ የሚባለው ሰው ዛሬ ፔት ስካን የሚሉት ረቂቅ የምስል ምርመራ ጉበቱ ላይ አንዲት ነጥብ ስላየ ደረጃ አራት፣ የተሰራጨ፣ ይባላል። ከነባሮቹ ስለሚሻል የአራቱን አማካይ ከፍ ያደርጋል። ሦስቱም የከፋው ስለወጣለት ከፍ ይላል። ማንም አንድ ቀን አልተጨመረለትም! ፋይንስታይን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1985 ጽፈውታል።

ሰብለ፦ ማንም? አሜሪካ ውስጥ በሜላኖማ የሚሞተው ሰው ከ2013 በኋላ በፍጥነት ነው የቀነሰው። የሞት መዝገብ ደረጃ አያውቅም፣ ሟች ነው የሚቆጥረው። ስካን ሙት አያስነሳም።

ማኪ፦ ስለ ሜላኖማ መቼ ተናገርኩ?

ሰብለ፦ «ማንም» ብለሃል። ሜላኖማ ያለባቸው ሰዎች አይደሉም?

ጋሽ ተሾመ፦ ልጆች፣ ሞት የቀነሰው በመርፌ ብቻ መሰላችሁ? ሰው ሲጋራ ስላቆመ ነው። እኔም ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ሰብለ፦ ጋሽዬ፣ እንኳን አቆሙ። ለሳንባ ልክ ነዎት። ሜላኖማን ግን ሲጋራ አያመጣውም።

ሊያ፦ ይቅርታ፣ በእናንተ ቁጥር ውስጥ እኔ የት ነኝ? የጡት ካንሰሬ ደረጃ ሁለት ላይ ተገኘ፤ ታከምኩ፤ ከዓመታት በኋላ አጥንቴ ላይ መጣ። የካንሰር መዝገቦቹ በአብዛኛው የሚይዙት መጀመሪያ የተገኘበትን ደረጃ ስለሆነ እዚያ ዛሬም ሁለት ነኝ። በ2017 አሜሪካ ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ሴቶች ከተሰራጨ የጡት ካንሰር ጋር ይኖራሉ ተብሎ ተገምቶ ነበር። ከአራቱ ሦስቱ እንደ እኔ በኋላ የተሰራጨባቸው ናቸው። «በዛ፣ ቀነሰ» ከማለታችሁ በፊት ቁጠሩን እንጂ።

ቀናው፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ግን አንቺው ፍረጂን፤ እንደ ስኳር ነው?

ሊያ፦ ክኒኔን በየቀኑ እውጣለሁ፣ በየሦስት ወሩ ስካን አለኝ። ከስካኑ በፊት ያለችውን ሳምንት ስኳር ያለበት ሰው አያውቃትም። ድሮ ቢሆን ደግሞ እዚህ አልጽፍም ነበር። በእኔ ግን አትፋረዱ።

ማኪ፦ ሊያ ያለችው የእኔን ነጥብ ነው የሚያጠናክረው፣ መዝገቡ አይታመንም።

ሰብለ፦ ኧረ! እሷ ቁጠሩን አለች፣ አንተ ቁጥሩን ጣሉት እያልክ ነው።

ጋሽ ተሾመ፦ የወንዶቹን የፕሮስቴት ካንሰርስ? በ2012 የአሜሪካ አማካሪ ቡድን ፒኤስኤ የሚባለው፣ እሱን ቀድሞ ለማግኘት የሚደረገው የደም ምርመራ፣ ይቅር አለ። ከዚያ ወዲህ ተሰራጭቶ የሚገኘው በዛ። ይህም የስካን ሥራ ነው?

ማኪ፦ በከፊል፣ አዎ።

ጋሽ ተሾመ፦ «በከፊል» ስንት ነው?

ሰብለ፦ ጋሽዬ፣ አይልቀቁት።