የእህቴን የጭንቅላት ደም ስር ለምን በአንድ ጊዜ አይዘጉትም?

ጠያቂ (ከአራት ኪሎ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ እህቴ 26 ዓመቷ ነው። ከአራት ወር በፊት ቁርስ እየበላን ግራ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወዲያው ራሷን ሳተች። ኤምአርአይ ተነሳች፤ ውጤቱ ኤቪኤም ይላል፤ የደም ስሮች ጥምጥም ማለት ነው አሉን። ፊልሙን መስኮት ላይ አስደግፌ አየሁት። የተተበተበ ጥቁር ክር ይመስላል። ሐኪሙ መጀመሪያ በካቴተር (በደም ስር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ገብተን በሁለት ወይም በሦስት ዙር እንዘጋዋለን፣ ከዚያ በቀዶ ጥገና ይወጣል አለን። ከሕክምናው በኋላም የደም ግፊቷን በጥብቅ እንከታተላለን አለ። እሷ ግን ግፊት የለባትም! እናታችን «ከገቡ አይቀር ለምን በአንዴ አይገላግሏትም?» ትላለች። የምታውቁ አስረዱኝ።

መልስ፣ የጽኑ ሕሙማን ነርስ፦ አይዞህ ወንድሜ። ጤነኛ አእምሮ ውስጥ ደም ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚያልፈው በካፒላሪ በኩል ነው። ካፒላሪ በጣም ቀጭን የደም ስር ነው፣ ፍጥነቱንም ኃይሉንም ያበርደዋል። ኤቪኤም ላይ ይሄ ማብረጃ የለም። ደም ቅዳው በቀጥታ ደም መልሱ ላይ ይደፋል። ስለዚህ ደሙ ይከንፋል፤ ግድግዳውን እየፈተገ ነው የሚያልፈው። በዚህ ፍትጊያ የተነሳ መጋቢዎቹ ደም ቅዳዎች እየሰፉ ይሄዳሉ፣ አንዳንዴም ጎናቸው ላይ እንደ ፊኛ ያብጣል። ደም መልሱ ደግሞ ለዚህ ጫና አልተሠራም። ሳይታከም ሲቀር የመድማት ዕድሉ በዓመት ከመቶ ከ2 እስከ 4 ገደማ ነው። ቀድሞ ከደማ ይጨምራል።

መልስ፣ የውሃ መስመር ባለሙያ፦ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ወንድሜ በዚሁ ታክሟልና ነገሩን በሙያዬ ነው የተረዳሁት። ሰፈር ውስጥ ዋናው መስመር ተሰብሮ ውሃው ለዓመታት ቦይ ውስጥ ይፈሳል እንበል። ጎረቤት ቤቶች የሚደርሳቸው ጭል ጭል የሚል ውሃ ነው። ቧንቧቸውን እስከ መጨረሻው ከፍተው ይጠብቃሉ። አንድ ሌሊት ስብራቱ በአንዴ ቢጠገን ሙሉ ግፊቱ ወደ እነሱ ይዞራል። መጋጠሚያው ይፈነዳል። የእህትህ ጥምጥም ስብራቱ ነው፤ ጎረቤቶቹ ደግሞ በዙሪያው ያለው ጤነኛ አእምሮ ናቸው።

ነርሷ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከእኔ በተሻለ አስረዳኸው። ይህን ነገር የአእምሮ ቀዶ ሐኪሙ ሮበርት ስፔትዝለር ከባልደረቦቹ ጋር በ1978 (እ.ኤ.አ.) ጽፎታል። በጥምጥሙ ዙሪያ ያሉት ደም ስሮች በዝቅተኛ ግፊት ለምደው ሰፍተው ቆይተዋል። መጥበብ እንዳለባቸው ቶሎ ላያስታውሱ ይችላሉ። የተለመደው ግፊት ድንገት ሲመጣባቸው አእምሮ ሊያብጥ ወይም ሊደማ ይችላል። ለዚህ ነው በዙር የሚዘጋው፤ በየመሃሉ ጎረቤቶቹ ይለማመዳሉ። እህትህ ግፊት ባይኖርባትም ከሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት በየሰዓቱ የምንለካው ለዚሁ ነው። ጥምጥሙ ከተዘጋ በኋላ በመጋቢዎቹ ውስጥ ፍሰቱም ፍትጊያውም ይቀንሳል። የሰፉት ስሮች ቀስ እያሉ ይጠባሉ፤ ይሄ ሳምንታትና ወራት ይፈጃል።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። ግማሹ ከተዘጋ አደጋውም በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው?

ነርሷ፦ አይደለም! ይሄን ለእናትህም በደንብ ንገርልኝ። ጥምጥሙ ትንሽም ከቀረ የመድማት ስጋቱ አለ። የከፋው ደግሞ ጥምጥሙ ክፍት ሆኖ መውጫው ደም መልስ ከተዘጋ ነው። ደሙ እየገባ መውጫ ያጣል። ስለዚህ መካከል ላይ ተሻለኝ ብላ ቀጠሮ እንዳትቀር።

መልስ፣ የታከመች፦ እኔ በጨረር ነው የታከምኩት፣ ጥምጥሙ ከሦስት ሴንቲ ሜትር በታች ስለነበር። ጨረሩ የአንድ ቀን ነገር ነው፣ ግን ስሩ ተዘግቶ እስኪያልቅ ሦስት ዓመት ጠበቅኩ። እስከዚያ ድረስ ስጋቱ እንዳለ ነው ብለውኝ ነበር። በመጨረሻ አንጂዮግራፊ (በቀለም የሚነሳ የደም ስር ምስል) ተነስቼ «የለም» ሲሉኝ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የእህትህም መዘጋቱ በአንጂዮግራፊ ይረጋገጥ እንደሆነ ጠይቅ። የሚጥል በሽታ መድኃኒቷን ደግሞ በራሷ እንዳታቋርጥ፣ አደራ።

ጠያቂ፦ ሐሙስ ቀጠሮ አለን። ምን ልያዝ?

ነርሷ፦ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፣ ሲዲውን ያዝ። ደም መልሱ በየት እንደሚወጣ የሚታየው ምስሉ ላይ ነው። ከሐሙስ በፊት ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ ትውከት ወይም የአንድ ጎን መስነፍ ካየህባት ግን ቀጠሮ አትጠብቅ። በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት።

ጠያቂ፦ እሺ እህቴ። ሲዲው ቦርሳዬ ውስጥ ገብቷል።